የሱዳን ካርቱን፣ የቀሃ ጠጠርና የሰፈር ልጆች

ክረምት ሊገባ ሲል ከወላጆች የምሰማው ነገር ሁሌም አንድ ነው። «ትምህርት ሲዘጋ እነዚህን ልጆች ምን ላድርጋቸው? ዓይናቸውን ከስልክ አይነቅሉም እኮ!» እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ልጆቼንም የማሳድገው እዚሁ ነው። በልጅነቴ የካርቱን መጽሔት እሰበስብ ነበር፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ደግሞ እናቶቻችን ከየበሩ እስኪጠሩን ድረስ እንጫወት ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በግቢያችን ያሉትን ልጆች ሁለቱንም እያስለመድኳቸው ነው። ምን አድርጌ ምን ውጤት እንዳየሁ ልንገራችሁ፣ ለእናንተ የሚሆነውን ውሰዱ።

ከካርቱኑ ልጀምር፣ ነፍሴ ናት።

ዘመኑ የ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰፈራችን ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ብዙም አይርቅም። ያን ጊዜ ካርቱን ገብተን የምንገዛበት ሱቅ አናውቅም። ግን ይመጣል። ከሁሉ በላይ የሚመጣው በመተማ በኩል ነው። የአንዱ ጓደኛችን አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፣ ከሱዳን ጠረፍ ሲመለሱ አንዳንዴ የዓረብኛ የልጆች መጽሔት ይዘው ይመጣሉ። ባለቀለም፣ ሥዕሉ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ፣ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣው ንግግር በክብ ውስጥ የተጻፈ። ያቺ መጽሔት የገባች ቀን ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የሚውለው።

ችግሩ ማናችንም ዓረብኛ አናነብም። ሥዕሉን ብቻ እያየን ታሪኩን ለመከተል ስንሞክር ደግሞ ጭራሽ ግራ ይገባናል። ሌባው መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ይባረራል፣ መጨረሻ ላይ ገና ሊሰርቅ አጥር ይዘላል። ይህን ያስተካከለልን አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖር ቁርአን የሚቀራ የክፍላችን ልጅ ነው። መጽሔቱን ከእጃችን ተቀብሎ ገለበጠውና «በዚህ በኩል ነው የሚጀመረው» አለን። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ እኛ ጀርባው የምንለው ፊቱ ነው፣ ሥዕሎቹም የሚሄዱት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪኩ ፍንትው አለልን። ልጁ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያነበዋል፣ የቃላቱ ትርጉም ግን ለእሱም ብዙ አይገባውም ነበር። ስለዚህ ንግግሩን ራሳችን መፍጠር ጀመርን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከደብተር ላይ ትንንሽ ወረቀት እንቆርጣለን፣ በንግግሩ ክብ ልክ። በእርሳስ አማርኛ እንጽፍበትና ጫፉን ብቻ በቁራጭ ሊጥ እንለጥፋለን። ሌላ ልጅ ሌላ ታሪክ ሲመጣለት የኛን ያነሳና የራሱን ይለጥፋል። አንዷ መጽሔት በአንድ ክረምት ስንት ታሪክ እንደወጣት ቆጥሮ የሚዘልቃት አልነበረም። ሌባው አንድ ጊዜ ሌባ ነው፣ አንድ ጊዜ ያበደረውን የተከለከለ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የገዛ ቤቱ ቁልፍ የጠፋበት አባወራ ነው።

ይህን ዛሬም ሞክሩት። ማንበብ የሚያስጠላው ልጅ ካላችሁ በተለይ። ሥዕል ያለበት የትኛውም መጽሔት ይሁን፣ ጽሑፉን በነጭ ወረቀት ሸፍኑና «እነዚህ ሰዎች ምን እየተባባሉ ነው?» ብላችሁ ተውት። ጻፍ አትበሉት። መጀመሪያ በአፉ ያወራዋል። ከዚያ ጓደኛው የራሱን ሲያመጣ የእኔ እንዳይረሳ ብሎ ራሱ እርሳስ ይፈልጋል። የእኔ ትንሹ ልጅ ፊደል የተፍታታው በዚህ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ሁለተኛው የካርቱን ምንጫችን የሰፈር ሱቅ ነበር። በኋላ ሁሉ ነገር በፌስታል ሆነ። ያኔ ስኳሩም፣ ቡናውም፣ በርበሬውም በወረቀት ነበር የሚጠቀለለው፣ ባለሱቁ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይገዛሉ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ የጋዜጣና የመጽሔቱ ዓይነት በዛ፣ ከነካርቱኑ። ተነብቦ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ሱቅ ይገባል። እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ ባለሱቁ ወረቀቱን መቅደድ ሳይጀምሩ እንደርሳለን። «ጋሼ፣ ሥዕል ያለውን አንዴ እንየው።» ጋሼ ደግ ሰው ነበሩ፣ ግን ነጋዴ ናቸው። «የወሰዳችሁትን ያህል አምጡ» ይሉናል። ያለቀ ደብተራችንን ይዘን እንሄዳለን። ሚዛኑ ባለሁለት ሳህን ነው፣ በአንዱ በኩል የእኛ ደብተር፣ በሌላው የመረጥነው ወረቀት። ደብተራችን ቀለል ካለ አንድ ቅጠል ከመጽሔቱ ይነሳል፣ እኩል ሲሆን ጋሼ በጣታቸው ሳህኑን ያረጋጉና «ሂዱ» ይሉናል። የትኛው ቅጠል ይነሳ የሚለው ክርክር ግን ሱቁን ያውከው ነበር! ማስታወቂያው ይነሳ እንላለን፣ ከጀርባው ካርቱን ይገኝበታል።

ገንዘብ የምናገኘው በእንቁጣጣሽ ነው። ሴቶቹ አበባዮሽ ይላሉ፣ እኛ ሥዕል ሥለን በየቤቱ እናዞራለን። እዚህ ላይ ነው ስብስባችን የጠቀመን። ነጭ ወረቀት በጥጥ ዘይት ቀባ አድርገን ፀሐይ ላይ እናውለዋለን፣ ያኔ ከስሩ ያለውን ያሳያል። ካርቱኑ ላይ አስቀምጠን መስመሩን በእርሳስ እንከተላለን። ከዚያ ወደ ንጹሕ ወረቀት ይገለበጣል፣ ቀለም ይቀባል። የዓረብኛው መጽሔት ጀግና ክንፍ ይጨመርለትና መልአክ ሆኖ፣ አደይ አበባ ይዞ፣ ከስሩ «እንኳን አደረሰዎ» ተጽፎለት ጎረቤት ይገባል። እናቶች እልል ይላሉ፣ ሳንቲም ይሰጡናል። ሳንቲሙን ይዘን ፒያሳ፣ መሬት ላይ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ። ብዙ ጊዜ ካርቱን አይገኝም። የተገኘ ቀን ግን እስከ ቀሃ ድረስ እየሮጥን ነው የምንወርደው።

ካርቱን የፈረንጅ ነገር ነው፣ ልጅ ያበላሻል የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ አልስማማም። ጎንደር ላይ ሆኖ እንዲህ ማለት በተለይ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና ግድግዳውን ተመልከቱ፣ ታሪኩ የሚነገረው በሥዕል ተከታትሎ ነው። ቱሪስት በሚገዛባቸው የሥዕል ሱቆች የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሥዕልም እዩ። አንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ውስጥ፣ ከዘንዶው አርዌ ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ፣ ከነጽሑፉ ተደርድሯል። ካርቱን ማለት ሌላ ምንድነው? ልጆቼን ወስጄ ያሳየኋቸው ይህንን ነው። ደብተር ይዘው ይሄዳሉ፣ አንድ የሚወዱትን ታሪክ ይመርጣሉ፣ ቤት ሲመለሱ በስድስት ሳጥን ይሥሉታል። ስድስት የምለው ለልጅ ስለሚበቃ ነው፣ ከዚያ ከበዛ ይሰለቻሉ።

ስለ ልውውጡም ልናገር። ዋጋ የምናወጣው እኛው ነበርን። ሽፋኗ ያለ መጽሔት ሽፋን በሌላቸው ሁለት ትለወጣለች። መጨረሻው ገጽ የጎደለ ማንም አይፈልገውም፣ ስለዚህ ለጀማሪ በነፃ ይሰጣል። መጽሔት ለአንድ ሌሊት የሚዋስ ሰው ብይ ያስይዛል። የተቀደደ መልሶ ያመጣ ብዩ ይቀራል። ማንም ትልቅ ሰው ገብቶ አያውቅም፣ ሕጉም ተጥሶ ሲገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን የግቢያችን ልጆች የኳስ ተጫዋች ስቲከር ሲለዋወጡ አያለሁ፣ እናቶች መስኮት ላይ ሆነው «ያቺን ለምን ሰጠኸው፣ አስመልስ!» ይላሉ። እባካችሁ ተዉአቸው። ተጎድቻለሁ ብሎ ካሰበ በማግስቱ ራሱ ይደራደራል። መደራደር የሚለመደው ዕቃው ርካሽ በሆነበት ዕድሜ ነው።

ወረቀት ለሚሰበስብ ልጅ አንድ ሁለት የአያያዝ ነገር ልጨምር። የጎንደር ክረምት እርጥበት አለው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ። ካርቶኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ምስጥም አለ፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። ማድ ቤት አጠገብ ከሆነ ጭስ ይጠጣል። መጽሔት አስተኝቶ መደርደር ነው፣ ሲቆም ይጎብጣል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ሲያረጅ ወረቀቱን ቢጫ አድርጎ ያደርቀዋል። መሃሉ ላይ ያለው የብረት ስፌት ከዛገ በጥንቃቄ አውጡትና በዚያው ቀዳዳ በክር ስፉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ይበላዋል፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ። ስልኩ ለዚህም ይሁን!

ወደ ጨዋታው ልሂድ። ስለ ድሮ ጨዋታ ሲወራ ሁሉም ሰው «ጠፋ» ይላል። እኔ ግን ጨዋታው አልጠፋም ባይ ነኝ። ወላጆች ሁሉ ያውቁታል፣ ስታነሱባቸው ፊታቸው ይበራል። የጠፋው ታላቅ ልጅ ነው። እኛ ብይን ከአባታችን አልተማርንም። ከእኛ በሁለትና በሦስት ዓመት ከሚበልጡ ልጆች ነው የተማርነው፣ እነሱም ከበላያቸው ካሉት። ሰባት ዓመት ልጅና አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። ትንንሾቹ ይጫወታሉ ግን ቢነኩም አይወጡም፣ «ተዉት ሕፃን ነው» ይባላል። እንደዚህ እየተባለ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሮጥ ከርሞ በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታውን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቀዋል። አሁን ልጆች ቀኑን ሙሉ ከእኩዮቻቸው ጋር ብቻ ናቸው፣ ክፍል ውስጥም፣ ልደት ላይም። ከየት ይማሩት?

ስለዚህ ያደረግሁት ይህ ነው። መጀመሪያ ራሴ ላስተምር ሁሉንም ሰበሰብኳቸው፣ በትሕትና አዳመጡኝና ቀስ እያሉ ተበታተኑ። በሌላ ቀን ከጎረቤታችን አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን ልጅ ብቻ ጠርቼ ሰኞ ማክሰኞን አሳየኋት። ቀሪውን ለእሷ ተውኩት። በማግስቱ ግቢው ሲሚንቶ ላይ በኖራ የተሠመረ ቤት አገኘሁ፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል። አንድ ታላቅ ልጅ ፈልጉ፣ እሱን ወይም እሷን አስተምሩ፣ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ከዚህ የበለጠ የምመክረው የለኝም።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። ጨዋታ ወቅት ነበረው፣ ልጁም ስለማይሰለቸው ዓመት ጠብቆ ይናፍቀዋል። ጭቃው ሲደርቅ፣ ከጥቅምት ወዲህ፣ ብይና ሰኞ ማክሰኞ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቆልማማ እንጨት ፍለጋ እንወጣለን፣ ለገና ጨዋታ። ጥር ጥምቀት ስለሆነ ሰፈራችን በሰው ይጥለቀለቃል፣ ያኔ ከጨዋታ ይልቅ ማየቱ ይበልጣል። በጋ ላይ ጨረቃ ስትወጣ ኩኩሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ ሌላው እየተደበቀ «አልነጋም!» ይላል፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጆሮ ማቆም ነው። ነሐሴ ሲገባ ቃጫ ገምደን ጅራፍ እንሠራለን፣ ነሐሴ 13 ቡሄ እስኪደርስ ድረስ የከተማው ኮረብታ ሁሉ ይጮሃል። ልጆቻችሁን በነሐሴ ብይ ተጫወቱ ብትሏቸው ጭቃ ላይ ብዩ አይሄድም፣ ጨዋታው መጥፎ ይመስላቸዋል።

በክረምት ቤት ውስጥ የሚሆኑትን ደግሞ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለፉት ዓመታት ከተማችን ላይ ከቤት መውጣት የሚያስፈራባቸው ቀናት ነበሩ፣ ልጆቹን ያቆዩልን እነዚህ ናቸው።

ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ነው የሚፈልገው። የግንባታ ጠጠር አይሆንም፣ ጠርዙ እጅ ይቧጭራል። እኛ ከቀሃ ወንዝ ዳር ነበር የምንለቅመው፣ ውሃ ያለሰለሰውን፣ ከብይ ትንሽ ከፍ የሚለውን። አምስቱን መሬት ላይ በትኑ። አንዱን አንሱና ወደ ላይ ወርውሩት፣ እሱ አየር ላይ እያለ ከመሬት አንድ ጠጠር አንሱ፣ የወረወራችሁትን በዚያው እጅ ቅለቡ። አራቱ እስኪያልቁ እንዲሁ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ ከዚያ አራቱን ባንዴ። የማታነሱትን ጠጠር ከነካችሁ ወይም የወረወራችሁት ከወደቀ ተራው ያልፋል። ምስጢሩ አበታተኑ ላይ ነው፣ ሰፋ አድርጎ የበተነ አራቱን ባንዴ ሲያነሳ ይቸገራል። ወንዶች የሴት ጨዋታ ነው ይላሉ። ሰፈራችን ውስጥ ማንም የማይችላት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጠጠሩን እያየች አይደለም የምትቀልበው፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እጇ ግን የት እንደሚወርድ ያውቃል። እሷን ለማሸነፍ ወንዶቹ ሁሉ ተደብቀን እንለማመድ ነበር።

ገበጣ የእንቁላል ካርቶን ካለ ቀላል ነው። እኛ በምንጫወተው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ነው፣ 48 መሆኑ ነው። ባቄላም ይሆናል። ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ ከአያቶች ጠይቁ፣ ጥየቃው ራሱ አያትና ልጅን ያገናኛል።

እንቆቅልሽ ምንም ዕቃ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ይሁን። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ ናት። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎንደርን አንሰጥም እያልን ደሴን፣ ሐረርን፣ ጅማን እንሰጥ ነበር። የኢትዮጵያን ከተሞች ስም ከካርታ በፊት የሰማሁት በዚህ ነው። የተሰጠው ሰው ደግሞ «ደሴ ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ የሚዘረዝረውን መስማት ሌላ ጨዋታ ነው፣ ምላሱ የማይፈታ ልጅ ያኔ ይፈታል።

ቦታን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፣ መንገድ ላይ አላስወጣቸውም። ባጃጁ ብዙ ነው፣ ኩርባው አያሳይም። እኛ ጋ የተስማማነው ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ግቢው ውስጥ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ነው። ጎረቤት ሁሉ ባንዴ እሺ አላለም። ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ እያዩ ነው ያሳመንናቸው። ስልኩንም ቀድመን አልከለከልንም። ደጁ ላይ ጫጫታ ሲሰማ ራሱ አስቀምጦት ይወጣል። የማይወጣም አለ፣ አንዳንዱ ልጅ ጫጫታ አይወድም። ለእሱ ካርቱኑ አለለት።

በዚህ ሳምንት ልጀምር የሚል ካለ ፔፕሲ የሚባለው ጨዋታ ይቀላል፣ የጨርቅ ኳስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ያረጀ ረጅም ካልሲ ውሰዱ፣ ስስ ጨርቅ እያጠባበቃችሁ እስከ ጡጫ ያህል ጠቅጥቁት። ካልሲውን አጥብቃችሁ አዙሩና ትርፉን መልሳችሁ ኳሱ ላይ ገልብጡት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ አፉን በመርፌ ስፉት። ውስጡ ድንጋይም ወረቀትም አይግባ፣ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይከብዳል። ሁለቱ ልጆች በሁለቱ ጫፍ ይቆማሉ፣ ሌሎቹ መሃል ይገባሉ፣ በኳሱ የተመታ ይወጣል። ከወገብ በላይ አይመታም። ሕፃናት ቢመቱም አይወጡም፣ ይህቺን ለታላቅየዋ ልጅ ቀድማችሁ ንገሯት።